ስንት ጊዜ ይፈጃል?

(ይህ ንግግር ባሕር ዳር ውስጥ ለአዲስ ተመራቂዎችና ለጀማሪ ባለሙያዎች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የቀረበ ነው። ከጥቃቅን እርማት በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

አልሰማሁም። ይሄን ያህል ሰው ሆናችሁ ድምፃችሁ እንዲህ ነው? እንደምን አረፈዳችሁ?

እሺ፣ አሁን ተሰማ። እግዚአብሔር ይመስገን። ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ጋዋናችሁን ገና ያወለቃችሁ ልጆች፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጣና እዚያ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ቡናው እየፈላ ነው። እናንተ ግን አዳራሽ ገብታችሁ ስለ ትዕግስት ልትሰሙ ተቀምጣችኋል። ከእናንተ በላይ ታጋሽ ከየት ይመጣል? (ሳቅ)

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ትዕግስት አንድ ነገር ይበሉን» ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ደበረኝ። ለምን መሰላችሁ? እኛ ዘንድ ስለ ትዕግስት ብዙ ጊዜ የሚወራው ትልቁ ትንሹን ዝም ማሰኘት ሲፈልግ ነው። ደሞዝ ዘገየ? ታገስ። እድገቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ? ታገሺ። ጠይቀህ መልስ አጣህ? ታገስ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል! ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል» ይልና ጉዳዩ ይዘጋል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ምክር ይዤ አልመጣሁም።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ የዘመኑ ወጣት ትዕግስት የለውም ስለሚባለው ወሬ። ሁለተኛ፣ ሙያ ላይ ትዕግስት በተግባር ምን እንደሚመስል። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ሦስተኛ፣ መቼ ነው መታገስ የማያስፈልገው? ሰዓት ከበቃን ነው ታዲያ። ካልበቃን ሦስተኛውን በጥያቄ ጊዜ ትጎትቱታላችሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። «የዘመኑ ልጅ ትዕግስት የለውም» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ።

ማንም የለም። እኔም ሰምቻለሁ። በኛም ጊዜ ይባል ነበር፣ ያሉን ሰዎችም በልጅነታቸው ሳይባሉ አይቀሩም።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስበው። አንድ ልጅ ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል 12 ዓመት ይማራል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ሕክምና ከሆነማ ከዚያም በላይ። የእናንተ ደግሞ የባሰ ነው። መሐል ላይ ኮሮና መጣ። ጦርነት መጣ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መመረቂያው ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ። ይሄን ሁሉ ችላችሁ፣ በካፌ ምግብ ከርማችሁ፣ ጨርሳችሁ ወጣችሁ። ይሄ ልጅ ነው ትዕግስት የለውም የሚባለው? ይሄ ልጅ?

ታዲያ ያው ልጅ ሥራ ይገባና በስድስተኛው ወር «እዚህ ቤት ለውጥ የለም» ብሎ ጥሎ ይወጣል። ሌላ ቦታ ይገባል፣ ከዚያም ይወጣል። 17 ዓመት የታገሰው ሰውና ስድስት ወር ያቃተው ሰው አንድ ሰው ነው። ምን ነካው?

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ልኩ ይታወቃል። ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠች ልጅ ምን ያህል እንደቀራት ታውቃለች። ቢከብዳትም ትቆጥረዋለች። ሥራ ዓለም ግን ልኩን የሚነግር የለም። ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ጎበዝ ነርስ? ጎበዝ ልብስ ሰፊ? ማን ነግሯችሁ ያውቃል? አለቃችሁ ነግሯችኋል? ቅጥር ላይ የፈረማችሁት ወረቀት ላይ አለ?

የለም። ደፍሮ ልኩን የሚነግራችሁ ማን መሰላችሁ? የመብራት ምሰሶው ነው። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ፣ ፋሲሎ አካባቢ የተለጠፈውን አንብቡት። «እንግሊዝኛ በአንድ ወር!» «ግራፊክስ ዲዛይን በሁለት ሳምንት!» ስልካችሁን ስትከፍቱ ደግሞ አንዱ ጎረምሳ የሰው መኪና ተደግፎ «እኔ በስድስት ወር እዚህ ደረስኩ» ይላችኋል። ከዚያ እናንተ በስድስተኛው ወር ራሳችሁን ታያላችሁ፣ መኪና የለም። «ሰነፍ ነኝ ማለት ነው» ትላላችሁ። ሰነፍ አይደላችሁም። የተሳሳተ ሜትር ነው የሰጧችሁ። በተሳሳተ ሜትር የለካ ሰው ምንም ቢሠራ አጥሮ ነው የሚያገኘው።

ስለዚህ የዛሬ ነገሬ ይሄ ነው። «ታገስ» የሚላችሁ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ካልነገራችሁ፣ ምክሩን ገና አልጨረሰም። ጠይቁት። «እሺ፣ ልታገስ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? በምንስ አውቀዋለሁ?»

አሁን ሁለተኛው። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ የተማርኩትም እዚሁ ፖሊ፣ ፖሊቴክኒኩ ነው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. ነው ከመምህራን ኮሌጁ ከፔዳ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። እናንተ ግቢውን ስታዩት አሁን ያለውን ሕንፃ ብቻ ነው የምታዩት። ለማንኛውም፣ ከዚያ ግቢ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ከተማ የሚሠራ ሕንፃ ሳይት ላይ ነበር።

ሳይቱ ላይ አንድ ትልቅ ፎርማን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዲፕሎማ የላቸውም፣ ግን ከሳቸው ያልተማረ አናጢና ግንበኛ እዚያ አካባቢ አልነበረም። አንድ ቀን ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የአርማታ ወለል፣ ሞላን። ከንጋት እስከ ማታ ሚክሰር ሲያጓራ፣ ቫይብሬተር ሲንጫጫ ዋለ። ማታ አለቀ። እኔ አበቃ ብዬ፣ በማግስቱ ዘና ብዬ መጣሁ። ጋሼ ግን ከሙሌቱ ቀን ይልቅ በማግስቱ ነው የተቆጡት። በሶሌታው ጠርዝ ዙሪያ በአሸዋ ትንሽ ግድብ አሠርተው ውሃ አቁረውበታል። ኮለኖቹን ጆንያ ጠቅልለውላቸዋል። አንዲት የውሃ ጎማ የያዘች ልጅ አቁመው፣ ጆንያው ደርቆ ካገኙት ከሳቸው የሚያስጥላት የለም።

ጥቂት ቀን አልፎ የሕንፃው ባለቤት መጣ። ሰውዬው ቸኩሏል፣ ብድር አለበት፣ አይፈረድበትም። በጫማው ተረከዝ ሶሌታውን ኳ ኳ አደረገና «ይኸው እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ፑንቴሎውን አንሱትና ወደላይ እንቀጥል» አለ። ፑንቴሎ ሶሌታው እስኪጠነክር ከሥር ደግፎ የሚይዘው ምሰሶ ነው። ጋሼ ምንም አልመለሱለትም። እኔን ጠሩኝና ወደ አንድ በርሜል ወሰዱን። በርሜሉ ውስጥ ኪዩቦች አሉ። ኪዩብ ማለት ከዚያው ከተሞላው አርማታ የተወሰደ ናሙና ነው። 15 ሳንቲሜትር በ15 ሳንቲሜትር፣ እንደ ትንሽ ሳጥን፣ አናቱ ላይ የሙሌቱ ቀን በሚስማር ተጭሯል። አንዱን ከውሃው አወጡና፣ ውሃው በክርናቸው እየወረደ፣ ሰውየው እጅ ላይ አስቀመጡት። «ይሄን ላብራቶሪ ውሰደው። እሱ ይንገርህ» አሉት።

ላብራቶሪ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኪዩቡ በማሽን መሐል ይቀመጣል፣ ከላይ ይጫነዋል፣ መርፌው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጠሽ! ይሰነጠቃል። እዚያ ጋ ነው ቁጥሩ የሚነበበው። ሲ-25 የምንለው አርማታ ከሆነ፣ በ28ኛው ቀን ያቺ ትንሽ ኪዩብ ወደ 57 ቶን ገደማ መሸከም አለባት። 57 ቶን! በ7ኛው ቀን ግን ብዙውን ጊዜ የምትሸከመው ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። በእጅ ብትነኳት ያው ድንጋይ ናት። በጫማ ብትመቷትም ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ጭነት ሲመጣ ነው።

ፑንቴሎው አልተነሳም። ሰውየው ተነጫነጨ፣ ሄደ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሲቪሎች አትመልሱ፣ ሌሎቻችሁ። አርማታ ለምንድነው የሚጠነክረው? ... «ስለሚደርቅ» አልሽ? ጎበዝ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን አይደለም። አርማታ የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ውህደቱ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይቀጥላል። ውሃው ቀድሞ ተንኖ ካለቀ ውህደቱ ይቆማል። ቆመ ማለት ቆመ ነው። 28 ቀን ቁጭ ብለህ ብትጠብቀው፣ ሳይጠነክር ደርቆ ይጠብቅሃል፤ ፊቱም ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ነው ጋሼ ጆንያ ላይ እንደዚያ የሚቆጡት።

እንግዲህ እዚህ ጋ ሁለት ነገር አለ፣ ሁለቱንም ያዙልኝ። ልኩ 28 ቀን ነው፣ መሐንዲስም ባለሀብትም ለምኖ አያሳጥረውም። የሚያፋጥኑ ኬሚካሎች አሉ፣ አውቃለሁ፣ ሲቪሎቹ ፊታችሁን አትከስክሱብኝ፤ ግን እነሱም የራሳቸው ልክና ዋጋ አላቸው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቀኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ሁለተኛውን ነው። «አሥር ዓመት ሠርቻለሁ» ይላችኋል። አሥር ዓመት ምን ሠራህ? አንዱን ዓመት አሥር ጊዜ ደገመው። የሚያርመው ሰው የለም፣ ከባድ ሥራ አልጠየቀም፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ አንድ ገጽ አላነበበም። ከዚያ እድገት ሲቀርበት «እኔ ስታገስ ኖሬ» ይላል። ወንድሜ፣ አልታገስክም፣ ደርቀሃል። ይቅርታ፣ ከበደ መሰለኝ። ግን እውነት ነው።

ሥራ ላይ ውሃ ማጠጣት ምንድነው? እኔ ላይ የሠራውን ልንገራችሁ። ጋሼ ማታ ማታ ድሮዊንጉን ዘርግተው «ነገ የምናስረው ፌሮ ስንት ነው? ቁጠርና ንገረኝ» ይሉኛል። እቆጥራለሁ። «ተሳስተሃል» ይላሉ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ግን አይነግሩኝም። ፈልጌ እስካገኘው ድረስ ሻይ እየጠጡ ቁጭ። አንዳንዴ እኔ ሳገኘው ሻያቸው ቀዝቅዟል። በዚያን ጊዜ እጅግ ነበር የሚያናድደኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ነኛ! ዛሬ ልጆች እኔ ዘንድ ለልምምድ ሲመጡ እኔም ሻይ አዛለሁ።

ስለ መማር ካነሳሁ አጎቴን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ። ዋሸራን የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደ ጎንጅና እንደ ዋድላ ሁሉ በስሙ የቅኔ መንገድ የሚጠራ ታላቅ ጉባኤ ቤት ነው። እንግዲህ ጎጃም ተቀምጦ ስለ ትዕግስት ሲያወራ ቅኔ ቤትን ያላነሳ ተናጋሪ ይታዘንለታል።

ቅኔ ቤት እንዴት እንደሆነ ስሙኝ። ተማሪው መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነው። ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት መሥመር! አጎቴ ያቺን ሁለት መሥመር ለመቁጠር ከመንደር ወጥተው ዛፍ ሥር ጋቢ ተከናንበው ይውሉ ነበር። ማታ ለየኔታ ይሰጣሉ። የኔታ «ሰሙ አለ፣ ወርቁ የት ሄደ?» ይሏቸዋል። በማግስቱ እንደገና ዛፍ ሥር። የትናንቱን ጠጋግኖ ይዞ መምጣት የለም፤ አዲስ ነው። ጉባኤ ቃናው ሲሰምር ወደሚቀጥለው የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። ከዚያ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ፣ እያለ እያለ እስከ መወድስ፣ እስከ ዕጣነ ሞገር። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ምግቡ በእንተ ስማ ለማርያም ተብሎ የተለመነ ኮቸሮ ነው። ልብሱ ደበሎ ነው። ውሻውን አልነግራችሁም፣ አጎቴ እስከ ዛሬ እግራቸው ላይ ምልክት አለ።

እኔ ልጅ ሆኜ «አጎቴ፣ ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እንደ ሰዉ ነው» አሉኝ። «ታዲያ ሳያውቁት እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ዓመቱን ባላውቅ ደረጃዬን አውቃለሁ። ዛሬ ዋዜማ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሥላሴ እየዘረፈ ነው፣ አየዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ጉባኤ ቃና እየታገለ ነው፣ እሱንም አየዋለሁ።»

ይሄን ነገር ስንቶቻችን መሥሪያ ቤት አለን? ከፊታችሁ ያለው ሰው ምን እንደሚያውቅ፣ እናንተ ምን እንደጎደላችሁ የሚታይበት መሥሪያ ቤት? አብዛኛው ቦታ መሰላሉ ጨለማ ውስጥ ነው። ደረጃ አንድ ባለሙያ፣ ደረጃ ሁለት ባለሙያ ይባላል። ልዩነታቸው ምንድነው ብትሉ ደሞዛቸው ነው።

እዚህ ላይ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ አለቆች አትቀየሙኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅ ስትቀጥሩ ልኩን ንገሩት። «በመጀመሪያው ዓመት ይሄን ይሄን ብቻህን መሥራት ትችላለህ። በሦስተኛው ዓመት ፊርማህ ይከበራል። እስከዚያ የሚያርምህ እከሌ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። በጀት አትጠይቅም። ይሄን ሳትነግሩት ሲለቅባችሁ «የዘመኑ ልጅ» አትበሉ። እባካችሁ።

እናንተ ልጆች ደግሞ አለቃችሁ ካልነገራችሁ ራሳችሁ ፈልጉት። በሙያችሁ ከእናንተ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት የቀደመ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙ። «በመጀመሪያው ዓመትህ ምን አትችልም ነበር? መቼ ቻልከው? ማን አሳየህ?» በሉት። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ይነግራችኋል። ቡናውን ራሱ ሊከፍል ሁሉ ይችላል።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ይሄ የግል ብቻ አይደለም፣ የኛ የጋራ ጠባይም ነው። እዚህ ከተማ ተቀምጠን እንቦጭን የማያውቅ የለም። አረሙ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ጣና ላይ ችግርነቱ በይፋ የታወቀው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያና የፎገራ ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። ከስንት ቦታ ሰው መጥቶ ነቅሏል። ያንን ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ግን የእንቦጭን ልክ ስሙ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ከሥር ጭቃው ውስጥ 20 ዓመት እና ከዚያም በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እኛ ምን ይዘን ነው የገጠምነው? ዘመቻ። ዘመቻ ሞቅ ይላል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ያልቃል። ዘሩ 20 ዓመት ይቆያል፣ ዘመቻው አንድ ወር። ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የ20 ዓመት ጠላት የ20 ዓመት ደሞዝተኛ ነው የሚፈልገው። በየወሩ የሚሄድ፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሰው።

ስለ ትዕግስት ተነስቶ ግድቡን አላነሳህም እንዳትሉኝ። መጋቢት 2003 የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ ጳጉሜ 2017 ተመረቀ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየመድረኩ ሰምታችሁታል፣ አልደግመውም። የሰፈራችንን ልጥራ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲሠራ እዚህ ከተማ ባጃጅ ውስጥ የምሰማው ወሬ አንድ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው? ምንም አይታይም እኮ!» አይታይማ! ድልድይ ከሥር ነው የሚጀምረው። የመሠረት ሥራ ሲሠራ ከመንገድ ላይ የሚታየው አጥርና ክሬን ብቻ ነው። ግንቦት 2016 ሲከፈት 380 ሜትሩን በእግሩ እየተራመደ ፎቶ የተነሳው ያው ባጃጅ ውስጥ የነበረው ሰው ነው። እኔም ተነስቻለሁ።

ሰዓቴ... ስንት ቀረኝ? አሥር ደቂቃ? እሺ። ሦስተኛውን ቶሎ ልበል፣ ቶሎ መባል የሌለበት ቢሆንም።

መቼ ነው መታገስ የማያስፈልገው?

አባቶቻችን «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አንዷን ሲያርዷት አንዷ አየቻት» ይላሉ። ትዕግስትን ያን ያህል የሚያወድስ ሕዝብ ይሄንንም ብሏል። ለምን? ምክንያቱም አንዳንድ ቦታ ብትቆይ የሚበስል ነገር የለም። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም። እዚያ ቁጭ ማለት መታገስ አይባልም።

አንድ የምናውቃት ልጅ ነበረች፣ አብራን የተማረች። አንድ ድርጅት ገባች፤ ስሙ ይቅር። ደሞዝ አንድ ወር ዘለለ። «ታገሺ፣ ክፍያ አልተለቀቀልንም» አሏት። ሁለተኛ ወር ዘለለ። ልጅቷ ተራ ሰው አይደለችም፣ ልኩን ጠየቀች። «ክፍያው የሚለቀቀው መቼ ነው? በጽሑፍ ስጡኝ» አለች። «አንቺ ደግሞ አበዛሽው፣ ሌላው ሁሉ ዝም ብሏል» አሏት። እሷም በዚያው ሳምንት መልቀቂያዋን አስገባች። እኛ ጓደኞቿ «ቸኮልሽ» አልናት። እሷ ግን «እኔ ቀን ጠየቅኳቸው፣ እነሱ ስለ ጠባዬ መለሱልኝ» አለች። ይሄን መልስ አልረሳውም። ቀን ስትጠይቁ ስለ ጠባያችሁ የሚመልስላችሁ ሰው ቀን የለውም። ሌሎቹ ዝም ያሉት ደሞዛቸውን ፍለጋ ክስ ድረስ ሄደዋል።

እና በምን እንለየው? እኔ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። ባለፉት ወራት ያኔ የማልችለው አሁን የምችለው ነገር ምን አለ? ስሠራ የሚያርመኝ ሰው አለ? ካለ፣ ቢመርም፣ ቢያናድድም፣ ሻይ እየጠጣ ቢያሾፍብኝም እቆያለሁ። ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ለጊዜው እቆያለሁ። ምንም የማልጠቅስ ከሆነ፣ የሚያርመኝም ከሌለ፣ ወንበሩ ቢመችም ዓይኔን ወደ በሩ አደርጋለሁ። በሩን ሳላይ ዘልዬ አልወጣም ታዲያ! ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ። የሚገባበት ሳይታወቅ መውጣትም ሌላ ችኮላ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት ይቺን ወረቀት ላንብብ። ከመግባቴ በፊት በር ላይ አንዲት ልጅ የሰጠችኝ ናት፣ ስሟን አልጻፈችም፣ አልጠይቅም። እንዲህ ትላለች። «ልምድ ታገኛለሽ ተብዬ አንድ ቢሮ በነፃ እየሠራሁ ነው። የትራንስፖርት እንኳ ከቤት ነው የምወስደው። እናቴ ታገሺ ትለኛለች። እስከ መቼ ልታገስ?»

እህቴ፣ የት እንደተቀመጥሽ አላውቅም፣ ግን ስሚኝ። እናትሽ ትክክል ናቸው፣ አንቺም ትክክል ነሽ። ሰኞ ጠዋት ግቢና አለቃሽን በአክብሮት ሦስት ነገር ጠይቂ። በነፃ የምሠራው እስከ ስንት ቀን ነው? ያ ቀን ሲደርስ ብቻዬን ምን መሥራት እችላለሁ? ሥራዬን የሚያየው ማነው? ቀን ቆርጦ፣ ሥራ ቆጥሮ፣ ሰው መድቦ ከነገረሽ፣ ቀኑን ደብተርሽ ላይ ጻፊውና በደንብ ሥሪ፣ እናትሽንም ስሚያቸው። «እናያለን» ካለሽ ደግሞ ቀኑን አንቺ ቁረጪ። ቆርጠሽም ንገሪያቸው። «እስከዚህ ቀን ድረስ ነኝ» በያቸው። በዚያ ቀን ወይ ደሞዝተኛ ነሽ ወይ ደህና ሰንብቱ ነሽ። የሠራሽበትን የምስክር ወረቀት ሳትቀበዪ ግን እንዳትወጪ፣ ማኅተሙንም ተመልከቺ።

አሁን ጥያቄ። ማይኩን ከኋላ ጀምሩልኝ፣ ሁልጊዜ ከፊት እየተጀመረ የኋላዎቹ ሳይጠይቁ ይወጣሉ። አዎ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ አንተ ነህ። ቆመህ ጠይቅ።